ቪዲዮው ለምን ይቆማል? በየቤታችን ስላለው ዋይፋይ

በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ ከቴክኒክ ክፍሉ አባላት የቀረበ ንግግር

 

ስለ ማኅበራችን አመሠራረትና ስላለፈበት ውጣ ውረድ ለመናገር ከእኛ የሚቀድሙ አባቶችና እናቶች እዚህ ተቀምጠዋል። ከእኛ ከቴክኒክ ክፍሉ ሰዎች የተፈለገው ሌላ ነው። አዘጋጅ ኮሚቴው «ቤት ለቤት ስትዞሩ ሁሉም ሰው የሚጠይቃችሁን አንድ ጥያቄ በዚህ መድረክ መልሱልን» ብሎናል። ጥያቄውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ «በየወሩ እየከፈልኩ ቪዲዮው ለምን ይቆማል?» የሚል ነው።

መልሳችንን ከወዲሁ እንናገር። ከገባንባቸው ቤቶች በአብዛኞቹ ችግሩ የተገኘው ከውጭ በሚመጣው መስመር ላይ ሳይሆን ከራውተሩ እስከ ቴሌቪዥኑ ባለችው ጥቂት ሜትር ውስጥ ነው። በመሆኑም ለአቅራቢው የሚከፈለውን ሽልንግ ከመጨመራችን በፊት መመርመር ያለበት ቤታችን ነው።

ይህ ጉዳይ ለኢዮቤልዩ መድረክ የሚበቃ ነው ወይ የሚል ይኖር ይሆናል። በእኛ አስተያየት ይበቃል። ድሮ ከአገር ቤት ጋር የሚያገናኘን በሰው የሚላክ ደብዳቤና ካሴት፣ በኋላም በካርድ የሚደወል ስልክ ነበር። ዛሬ አያት የልጅ ልጇን የምታየው በስክሪን ነው፤ እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን የአማርኛ ፊደል የሚቆጥሩት፣ የጥምቀትንና የመስቀልን በዓል የሚያዩት በስክሪን ነው። ከመካከላችን ደግሞ በስደተኛነት ተመዝግበው የሚኖሩ፣ ወደ አገር ቤት ሊገቡ የማይችሉ ወገኖች አሉ። እናት ወይም አባት ሲያርፍባቸው ቀብሩን የሚያዩት አንድ ዘመድ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ ሲያሳያቸው ብቻ ነው። ጸሎተ ፍትሐቱ መሐል ላይ ስዕሉ ደርቆ ያቺ ክብ ስትሽከረከር ምን እንደሚሰማ የደረሰበት ያውቀዋል። ያ ሰው በማግስቱ ወደ አቅራቢው ቢሮ ሄዶ ከፍ ያለ ፓኬጅ ቢገዛ ማንም አይፈርድበትም። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ገንዘቡ ችግሩ ባለበት ቦታ ላይ አይውልም።

እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ መለስ እንበል። እ.ኤ.አ. እስከ 2009 ድረስ ኬንያ ከውጭው ዓለም ጋር በኢንተርኔት የምትገናኘው በአብዛኛው በሳተላይት ነበር። ሳተላይቱ ከምድር 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ስለሚገኝ አንድ መልእክት ሄዶ መልሱ እስኪመለስ ግማሽ ሰከንድና ከዚያም በላይ ይፈጅ ነበር፤ ዋጋውም የሚቀመስ አልነበረም። በየሳይበሩ ወንበር ይዘን አንድ ፎቶ እስኪከፈት የጠበቅንበትን ጊዜ የሚያስታውሱ እዚህ አሉ። በ2009 ሲኮምና ቲምስ የተባሉት የባሕር ውስጥ ኬብሎች ሞምባሳ ደረሱ፤ በ2010 ኢሲ የተባለው ተከተላቸው። ከዚያ ወዲህ ፋይበሩ ከሞምባሳ ወደ ናይሮቢ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ቅያሱ፣ ከቅያሱ ወደየፎቁ ገባ። ከጁላይ 2023 ጀምሮ ደግሞ ስታርሊንክ በኬንያ አገልግሎት ጀምሯል፤ የእርሱ ሳተላይቶች በ550 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ስለሚዞሩ የድሮው መዘግየት የለባቸውም። እንግዲህ ጠባቡ በር ድሮ ባሕሩ ላይ ነበር፤ ዛሬ ሳሎናችን ውስጥ ነው።

አንድ ቪዲዮ ወደ ቤታችን እንዴት እንደሚደርስ ከተረዳን የቀረው ቀላል ነው። ቪዲዮ እንደ አንድ ትልቅ ዕቃ በአንድ ጊዜ አይመጣም፤ በብዙ ትንንሽ ጥቅል ተቆራርጦ ነው የሚመጣው። ቴሌቪዥኑ ጥቂት ጥቅል አስቀድሞ ያጠራቅምና ከዚያ እየቀዳ ያሳየናል። ውሃ በሚጠፋበት ሰፈር ጣራ ላይ ታንከር እንደምናስቀምጠው ማለት ነው። ቧንቧው ለአፍታ ቢቋረጥ ታንከሩ ውስጥ ያለው ያሻግረናል፤ ታንከሩ ሲደርቅ ግን ክቧ መሽከርከር ትጀምራለች። የተቀዳ ፊልም ወይም ድራማ ትልቅ ታንከር አለው። የቀጥታ ስርጭት ታንከሩ ትንሽ ነው፤ ገና ያልተፈጸመን ነገር አስቀድሞ ማጠራቀም አይቻልምና። በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም ፊት ለፊት ስንነጋገር ደግሞ ታንከር የለም ማለት ይቻላል። ብዙዎቻችሁ «ፊልሙ ደህና ይሠራል፣ የአገር ቤቱ ቀጥታ ስርጭትና ከእናቴ ጋር የማወራው ግን ይቆራረጣል፣ ስለዚህ ጥፋቱ የአዲስ አበባ ነው» ትሉናላችሁ። ሁልጊዜ እንዲያ አይደለም። ቤታችሁ ያለው ዋይፋይ በየደቂቃው ለሁለትና ለሦስት ሰከንድ የሚደናቀፍ ከሆነ ፊልሙ ከታንከሩ እየቀዳ ይሸፍንለታል፤ ቀጥታ ስርጭቱ ግን ያጋልጠዋል።

በእርግጥ ጥፋቱ ከቤታችን ውጭ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ይህንም መካድ አይገባም። ሜይ 12 ቀን 2024 ኢሲና ሲኮም ሁለቱም በደቡብ አፍሪካ የባሕር ጠረፍ አጠገብ ተበጥሰው ኬንያን ጨምሮ በምሥራቅ አፍሪካ ኢንተርኔት ለቀናት ተዳክሞ ነበር። በኦገስት 2023 ደግሞ የኬንያ መብራት በአብዛኛው አገር በአንድ ምሽት ጠፍቷል። በእኛም አገር ቢሆን በጁን 2020 መጨረሻ ኢንተርኔት ተዘግቶ ለሳምንታት ቆይቷል፤ ከፌብሩዋሪ 2023 ጀምሮም ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ለአምስት ወራት ያህል ተገድበው ነበር። እንዲህ ባለ ቀን ራውተር ማገላበጥ ጊዜ ማጥፋት ነው። ጎረቤትና የማኅበሩን ሰው መጠየቅ ይቀድማል፤ ሁሉም ጋ ከጠፋ ችግሩ የእናንተ አይደለም።

አሁን ወደ ምርመራው እንግባ። ፉንዲ ሳይጠሩ፣ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ስልክና አንድ አጭር የኔትወርክ ኬብል ይዞ በግማሽ ሰዓት የሚያልቅ ነው። ሰዓቱ ግን መመረጥ አለበት። ቀን ሁሉም ሥራ ላይ እያለ የተደረገ ምርመራ ምንም አይነግረንም። ሁሉም ቤቱ የሚገባበት ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ይሁን። (በአማርኛም በስዋሂሊም ሰዓቱ አንድ ስለሆነ ከፉንዲው ጋር ቀጠሮ ስንይዝ እንኳ አንጣላም።)

መጀመሪያ የፋይበሩ ሳጥን ላይ ያሉትን መብራቶች ተመልከቱ። ኤል ኦ ኤስ የሚል ጽሑፍ ካለበት አጠገብ ቀይ መብራት ከበራ ብርሃኑ ከውጭ እየመጣ አይደለም ማለት ነው፤ ወይ ኬብሉ ተጣጥፏል፣ ወይ አይጥ በልቶታል፣ ወይ መንገድ ላይ ተቆርጧል። ያን ጊዜ ለአቅራቢው መደወል ብቻ ነው። ቀይ መብራት ከሌለ ላፕቶፑን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኙና ፍጥነቱን ለኩ። ቀጥሎ ኬብሉን ንቀሉና ከራውተሩ ሁለት ሜትር ርቃችሁ በስልክ በዋይፋይ ለኩ። በመጨረሻ ስልኩን ይዛችሁ ቴሌቪዥኑ ወዳለበት ሄዳችሁ፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆማችሁ ለኩ። ሦስቱን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጻፏቸው።

በኬብል የለካችሁት ከከፈላችሁበት በጣም ካነሰ ክርክሩ ከአቅራቢው ጋር ነው፤ ወረቀቱም ማስረጃችሁ ይሆናል። በኬብል ደህና ሆኖ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ከወደቀ ግን ጥፋቱ የዋይፋዩ ነውና ፓኬጅ መጨመር አንዲት ሳንቲም አይጠቅምም። አቅራቢው 20 ሜጋ ቢት እየላከ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ 3 ብቻ ከደረሰ፣ 40 ቢልክም የሚደርሰው ያው 3 ነው።

ላፕቶፕ መጠቀም የሚችሉ ልጆች ካሏችሁ አንድ ተጨማሪ ምርመራ አለ፤ እኛ ከሁሉም በላይ የምንተማመንበት ይህንን ነው። ላፕቶፑን በዋይፋይ እንዳለ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀምጡና ፒንግ በሚባለው ትዕዛዝ ራውተሩን ራሱን ደጋግሞ እንዲጠይቅ አድርጉ። የራውተሩ ቁጥር ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው። ጤናማ በሆነ ቤት መልሱ በጥቂት ሚሊ ሰከንድ ይመጣል። አንዴ 3፣ አንዴ 250፣ አንዴ ደግሞ መልስ የለም የሚል ከሆነ ወሬው እዚያው አለቀ፤ ይህ ጥያቄ ከግቢያችሁ አልወጣም፣ አቅራቢውንም ባሕሩንም አልነካም።

ስለ ቁጥሮቹ ካነሳን አይቀር፣ ምን ያህል እንደሚበቃ እንናገር። ኔትፍሊክስ ራሱ የሚመክረው ጥርት ላለ 1080 ስዕል 5 ሜጋ ቢት በሰከንድ፣ ፎር ኬ ለሚባለው ደግሞ 15 ነው። በ5 ሜጋ ቢት አንድ ሰዓት ማየት ከ2 ጊጋ ባይት ትንሽ የሚበልጥ ዳታ ይበላል። ሜጋ ቢትና ሜጋ ባይት አንድ እንዳልሆኑም ልብ በሉ፤ አንዱ ባይት ስምንት ቢት ነው። አቅራቢዎች የሚሸጡልን በቢት ነው። እንግዲህ 10 ሜጋ ቢት የገዛ ቤት ሳሎን ያለው አዲሱ ቴሌቪዥን በፎር ኬ ልጫወት ብሎ ሙሉውን ሲጎትት፣ መኝታ ቤት ያለችው ልጅ ትምህርቷን መከታተል አይሆንላትም። ቴሌቪዥኑን ከማሻሻያው ገብቶ በ1080 ወይም በ720 እንዲወሰን ማድረግ ምንም አያስከፍልም። እውነቱን ለመናገር ከሶፋው ላይ ሆኖ ልዩነቱን የሚያይ ዓይን ያለው ከመካከላችን ጥቂት ነው።

ወደ ዋይፋዩ ጠባይ እንለፍ። ዋይፋይ የሬዲዮ ሞገድ ነው፤ ግድግዳ ሲያልፍ ይደክማል። የናይሮቢ ቤቶች ደግሞ ለዋይፋይ አልተሠሩም። ግድግዳው ከካባ የወጣ ወፍራም ጥርብ ድንጋይ ነው፤ ወለሉ ብረት የተጠላለፈበት ኮንክሪት ነው፤ ለሌባ ተብሎ ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት በሚወስደው መተላለፊያ ላይ የብረት በር ይተከላል፤ ጣራ ላይ በውሃ የተሞላ ታንከር አለ። ድንጋዩም፣ ብረቱም፣ ውሃውም ሞገዱን ይውጡታል ወይም ይመልሱታል። ግቢው ጥግ ላይ ያለው ኤስ ኪው ውስጥ የሚኖር ዘመድ «ለእኔ አይደርሰኝም» ቢል እውነቱን ነው፤ ሁለት የድንጋይ ግድግዳና አንድ የቆርቆሮ በር በመካከል አለ።

የሚያሳዝነው ራውተሩ የሚቀመጥበትን ቦታ የምንመርጠው እኛ አይደለንም። ፋይበሩን ሊዘረጋ የመጣው ፉንዲ ኬብሉ ከገባበት መስኮት ሥር ይሰቅለውና ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የቤቱ ባለቤት ይቀጥላል። ሽቦው ዓይን ያስጠላል ተብሎ ራውተሩ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ይገባል፤ ቴሌቪዥኑ ደግሞ ጀርባው ላይ ሰፊ ብረት አለው። ወይም ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፍበታል። ወይም፣ እናቶቻችን አይቀየሙንና፣ ዳንቴል ይለብሳል። ዳንቴሉ ሞገዱን አይከለክልም፤ ሙቀቱን ግን ያፍናል፤ የጋለ ራውተር ደግሞ ይደነዝዛል፣ አንዳንዴም ራሱን አጥፍቶ ይነሳል። ራውተር የሚወደው ቦታ ከቤቱ መሐል፣ ከሰው ቁመት ከፍ ያለ፣ ገላጣና አየር የሚያገኝ መደርደሪያ ነው። ኬብሉ አጭር ነው ተብሎ የሚተው ነገር አይደለም፤ ጥቂት ሜትር አስጨምሮ ወደ መሐል ማምጣት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ሁለተኛው ጣጣ ጎረቤት ነው። በኪሊማኒም ሆነ በኢስሊ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ውስጥ የምንኖር ሰዎች ስልካችንን ከፍተን የዋይፋይ ስሞችን ብናይ ሃያና ሠላሳ ይደረደራሉ። አሮጌው የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ቻናል ብዙ ቢመስልም እርስ በርስ የማይነካኩት ሦስት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም 1፣ 6 እና 11 ናቸው። ሠላሳ ቤት በሦስት ቻናል ላይ ተራ ይጠብቃል። ዋይፋይ ጨዋ ስለሆነ ሌላው ሲናገር ዝም ይላል፤ በምሽት ሁሉም ሲናገር ግን ተራው አይደርስም። የቀን ብርሃን ላይ ደህና የነበረው ማታ የሚበላሸውም በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ቴሌቪዥኑን ወደ 5 ጊጋኸርዝ ማዛወር ነው። 5 ጊጋኸርዝ ብዙ ቻናል አለው፤ ድንጋይ ማለፍ ግን ከ2.4 ይልቅ ያቅተዋል። የጎረቤት 5 ጊጋኸርዝም ግድግዳውን አልፎ ስለማይመጣብን በፎቅ ቤት ድክመቱ ራሱ ይጠቅመናል። ቴሌቪዥኑና ራውተሩ አንድ ክፍል ውስጥ ከሆኑ ያለ ጥርጥር 5 ይሁን። አሮጌ ቴሌቪዥን 2.4 ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ራውተሩ ላይ ገብቶ 1፣ 6 ወይም 11 ከሚባሉት ጭር ያለውን መምረጥ፣ ስፋቱንም 40 ሳይሆን 20 ማድረግ ይሻላል።

ማይክሮዌቭ ምድጃም በዚሁ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው የሚሠራው። ወጥ ሲሞቅ ቴሌቪዥኑ ከቆመና ማይክሮዌቩ ጭው ብሎ ሲያበቃ ከተነሳ፣ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ስለ ሪፒተር ብዙ ተጠይቀናል። ሉቱሊ አቬኑ ወርዶ ርካሽ ሪፒተር ገዝቶ መምጣት የተለመደ ነው፤ ችግሩ የሚሰካበት ቦታ ነው። ሰው ሁሉ ዋይፋይ በማይደርስበት ክፍል ይሰካዋል። ያልሰማውን ነገር ደግሞ ምን ብሎ ይደግማል? ሪፒተር መቀመጥ ያለበት በመሐል መንገድ፣ ገና ጥሩ በሚሰማበት ቦታ ነው። እንደዚያም ሆኖ ርካሾቹ በአንድ ሬዲዮ ስለሚሰሙና ስለሚናገሩ ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ይቀንሱታል። ሜሽ የሚባሉት የተሻሉ ናቸው፤ ዋጋቸው ግን ይከብዳል።

እኛ የምንመክረው ሰው ሁሉ የሚንቀውን ነገር ነው፤ ኬብል። ዋይፋይን የምናጠናክርበት አንዱ ዋና መንገድ የማይንቀሳቀሰውን ዕቃ ከዋይፋይ ማውጣት ነው። ቴሌቪዥን ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ ታዲያ ለምን በአየር ይመጣለታል? አንድ የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ያለ ችግር ይወስዳል፤ የቴሌቪዥኑ የኬብል መግቢያ 100 ሜጋ ቢት ብቻ ቢሆን እንኳ ለፎር ኬ ይተርፋል። በሳውዝ ሲ አንዲት እናት ሁለት ጊዜ ፓኬጅ ከፍ አድርገው ነበር። ራውተሩ ከታች ከዋናው በር አጠገብ፣ ቴሌቪዥኑ ፎቅ ላይ ነው፤ በመካከል የኮንክሪት ወለል አለ። በኬብል ስንለካ ከታች ሙሉው ይመጣል፤ ፎቅ ላይ ግን ከ4 ሜጋ ቢት አያልፍም። «ልጆቼ፣ ሦስተኛውን ልግዛ ወይ?» አሉን። ሠላሳ ሜትር ኬብል በደረጃው ጠርዝ ይዘን ወጣን። ከዚያ ወዲህ አልቆመባቸውም፤ ፓኬጁንም ወደ መጀመሪያው መለሱት። ሽቦው ደረጃው ላይ እንደሚታይ ግን ዛሬም ያማርሩናል፤ ይህን አልፈታንም።

የማይታዩ በላተኞችም አሉ። ማታ ቻርጅ ላይ የተሰካ ስልክ የቀኑን ፎቶና ቪዲዮ ሁሉ ወደ ኢንተርኔት መስቀል ሲጀምር ወደ ውጭ የሚወጣውን መስመር ይሞላዋል። መውጫው ሲዘጋ መግቢያውም ይዘገያል፤ ቴሌቪዥኑ «ጥቅሉ ደርሶኛል፣ ቀጣዩን ላክ» የሚለው መልእክት ሰልፉ ውስጥ ይቀራልና። ይህን ሥራ ለሌሊት ማዘዝ ይቻላል። የፓስዎርድ ነገርም እንዲሁ ነው። እኛ ሐበሾች እንግዳ ሲመጣ ከቡናው ቀድሞ ፓስዎርድ እናቀርባለን፤ ደግ ባህል ነው። ነገር ግን ከሦስት ዓመት በፊት የሰጠነው ዘመድ ጎረቤት ሆኖ፣ እርሱም ለጓደኛው ሰጥቶ፣ አስካሪውም በሩ ላይ ሆኖ ኳስ ሲያይበት ይገኛል። በዓመት አንድ ጊዜ መለወጥ፣ ለእንግዳ ደግሞ ራውተሩ ላይ ያለውን የእንግዳ መስመር መክፈት ማንንም አያስቀይምም።

መብራትም ሊረሳ አይገባም። መብራት ለአንድ ሴኮንድ ብልጭ ሲል ቴሌቪዥኑ ላይ ላይታወቅ ይችላል፤ ራውተሩ ግን ጠፍቶ ተነስቶ መስመሩን እስኪይዝ ደቂቃዎች ይፈጃል። ለራውተር ብቻ የሚሆን ትንሽ ባትሪ በናይሮቢ በየሱቁ ይሸጣል፤ ቮልቴጁ ከራውተሩ ጋር መግጠሙን አይቶ መግዛት ነው። ቀደም ብለን ላነሳነው የቀብር ሥርዓት ይህን ዕቃ የያዘ ሰው ሲጠቀምበት አይተናል።

ስለ ቀብርና ስለ ሠርግ ካነሳን፣ ከወዲያኛው ወገን ያለውን ሰው መርዳት ይቻላል። አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ሆኖ ስልክ የሚይዘው ዘመድ በጥራት ላሳያችሁ ብሎ ስዕሉን ከፍ ሲያደርግ መስመሩ አይችልም። አስቀድማችሁ ንገሩት። ስዕሉ ይነስ፤ ድምፁ ይጥራ። ካህኑ የሚሉትና ዘመድ የሚያለቅሰው ሲሰማ ስዕሉ ቢደበዝዝም ሰው አብሮ ይሆናል፤ ስዕሉ ጠርቶ ድምፁ ከተቆራረጠ ግን ምንም አይገባም። ለሁለት መቶ ሰው በቀጥታ ከማስተላለፍ ይልቅ ለቅርብ ቤተሰብ ብቻ በስልክ ማሳየት መስመሩን ያቀልለታል። ከሁሉም በላይ ሁለተኛ ሰው በሌላ ስልክ ያለ ኢንተርኔት ዝም ብሎ ይቅረጽ። ቀጥታው ቢቋረጥ እንኳ ቅጂው ማታ ዋይፋይ ካለበት ቤት ይላካል፤ እዚህ ያለው ሰውም ሳይቆም፣ ሲፈልግ ብቻውን ያየዋል። እዚህም ወገን በዚያ ሰዓት ልጆቹ ጨዋታቸውን ያቁሙ፤ ስልኩ ከራውተሩ ጋር አንድ ክፍል ይሁን፤ ከተቻለም ላፕቶፕ በኬብል ይያያዝ።

ራውተሩን አጥፍቶ ማብራትስ? ይጠቅማል። የተጨናነቀው ይለቀቃል፣ አንዳንዱም ራውተር ሲነሳ የተሻለ ቻናል ይመርጣል። በወር አንዴ ቢደረግ ምንም አይደለም። በየቀኑ የሚያስፈልግ ከሆነ ግን ራውተሩ ታሟል ወይም አርጅቷል ማለት ነው፤ አቅራቢውን «ለውጡልኝ» ማለት መብታችሁ ነው።

ከንግግሩ በኋላ ቡናው በሚፈላበት በኩል ባለው ጠረጴዛ ላይ እንቀመጣለን። ኬብል መግጠሚያውን ይዘናል፤ ልኩን ለነገራችሁን ቆርጠን እንሰጣለን፤ የሽቦውን ዋጋ ብቻ ነው የምንቀበለው። ራውተሩን ነቅላችሁ አታምጡ፤ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አሳዩን ይበቃል። ፎቶውን ግን በማኅበሩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አትለጥፉት፤ ፓስዎርዱ እዚያው ላይ ተጽፏል።